ከአፕዴት በኋላ ቀጠሮዎቼ ተምታቱብኝ፤ ምን ይሻለኛል?

ጥያቄ

«ጤና ይስጥልኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። መሥሪያ ቤት የምንጠቀመው አውትሉክ የሚባለውን የማይክሮሶፍት የኢሜይልና የካላንደር ፕሮግራም ነው። ቤት ደግሞ ከባለቤቴ ጋር የምንጋራው የጉግል ካላንደር አለን። እኔ የምይዘው አይፎን ነው፣ እሱ አንድሮይድ። ለዓመታት አውትሉክ ውስጥ የተገጠመች ትንሽ ፕሮግራም ሁለቱን ካላንደሮች እያናበበች ታኖረኝ ነበር። ባለፈው ወር መሥሪያ ቤቱ ወደ አዲሱ አውትሉክ አዞረን። በዚያው ሳምንት ስልኬም አፕዴት አደረገ። ፕሮግራሟ ጠፋች። ሌላ የሲንክ፣ ማለትም የማናበቢያ፣ አፕ ስልኬ ላይ ጫንኩ። እሱም አላረካኝ ሲል የቤቱን ካላንደር በሊንክ አውትሉክ ላይ ጨመርኩ። አሁን የጥርስ ሐኪም ቀጠሮዬ ሦስት ጊዜ ይታያል። የሰኞው ስብሰባ ሁለት ሆኗል፤ አንዱ ካንዱ በአንድ ሰዓት ይዘገያል። የልደት ቀኖች ሁለት ሁለት ቀን ይዘዋል። የድሮ ቀጠሮዎቼ ስልኬ ላይ የሉም። ይባስ ብሎ የልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ባለበት ሰዓት አለቃዬ ሌላ ስብሰባ ያዘብኝና ሳልሄድ ቀረሁ። ልጄ አኮረፈችኝ። ገንዘብ ከፍዬም ቢሆን ይህን የሚያስተካክል አፕ ካለ ብትጠቁሙኝ። ከሌለም ወደ ወረቀት አጀንዳዬ ልመለስ?»

መልስ

እህቴ፣ አይዞሽ። ከጻፍሽው ውስጥ ለዘለቄታው ጠፍቷል የሚያሰኝ ነገር አላየሁም። ቀጠሮዎችሽ አሉ። ችግሩ ከሚገባቸው በላይ ብዙ ቦታ መኖራቸው ነው።

የልጅሽ ማኩረፍ እንዳንገበገበሽ ከደብዳቤሽ ያስታውቃል። ይህ ግን የግድየለሽነት ጉዳይ አይደለም። ቀጠሮውን መዝግበሻል፣ አውትሉክ ላይም በዓይንሽ አይተሽዋል። አለቃሽ ግን ሊያየው አይችልም ነበር። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ። ከሁሉም በላይ መስተካከል ያለበት እሱ ነው።

ሌላ አፕ አትግዢ። አሁን ያስቸገረሽ የአፕ ማነስ ሳይሆን መብዛቱ ነው። አንድ ተጨማሪ ብትጭኚ የጥርስ ሐኪሙ ቀጠሮ ሦስት መሆኑ ቀርቶ አምስት ቢሆን አይገርመኝም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ቀጠሮን የምናውቀው በስሙና በሰዓቱ ነው። ኮምፒዩተር የሚያውቀው በሌላ ነው። ካላንደሮች እርስ በርስ የሚግባቡበት አይካላንደር የሚባል የጋራ አጻጻፍ አለ። በ1998 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ2009 ታድሷል። ስሙ በአይሲኤስ (.ics) የሚያልቅ ፋይል በኢሜይል ደርሶሽ ከሆነ እሱ ነው። በዚህ አጻጻፍ እያንዳንዱ ቀጠሮ ረጅም የፊደልና የቁጥር ቅጥልጥል መለያ ይይዛል። መለያው አንድ ከሆነ ቀጠሮው አንድ ነው። መለያው ከተለያየ ግን ስሙም፣ ቀኑም፣ ሰዓቱም አንድ ቢሆን ለኮምፒዩተሩ ሁለት የተለያየ ቀጠሮ ነው።

የድሮዋ ፕሮግራም ከአውትሉክ ወደ ጉግል ስትገለብጥ ለግልባጩ አዲስ መለያ ይሰጠዋል። እሷ ታዲያ «ይህ የዚያ ግልባጭ ነው» የሚል ዝርዝር ለራሷ ትይዛለች። ሁለቱን ሳታምታታ ለዓመታት ያኖረችሽ በዚያ ዝርዝር ነው። ፕሮግራሟ ስትጠፋ ዝርዝሩም አብሮ ጠፋ። ግልባጮቹ ግን በየቦታቸው ቀሩ። አዲሱ አፕ መጣና ሁለቱንም ወገን አየ። የማያውቃቸው መለያዎች ሞልተዋል። ስለዚህ ሁሉንም እንደ አዲስ ቆጥሮ ከዚህ ወደዚያ፣ ከዚያም ወደዚህ ገለበጠ። በሊንክ ያመጣሽው ካላንደር ደግሞ ያንኑ ለሌላ ጊዜ አሳየሽ። አንቺ ያጠፋሽው ነገር የለም፣ አፑም የተሠራበትን ነው ያደረገው።

ፕሮግራሟ የጠፋችበትም ምክንያት የታወቀ ነው። በአሮጌው አውትሉክ ውስጥ ይሰኩ የነበሩትን ኮም አድኢን የሚባሉ ተቀጥላ ፕሮግራሞች አዲሱ የዊንዶውስ አውትሉክ አይቀበልም። ብዙዎቹ የድሮ የሲንክ ፕሮግራሞች የተሠሩት በዚያ መንገድ ነው። ስለዚህ «መልሼ ልጫናት» ብለሽ አትድከሚ። ተመሳሳይ ነገር የገጠማችሁ ሌሎች አንባቢዎችም ትኖራላችሁ። አሮጌ የካላንደር አፕ ይዛችሁ አንድ ቀን ድምፁን አጥፍቶ ማናበብ ካቆመ፣ አካውንቱ ውስጥ የሚገባበት መንገድ ተዘግቶበት ሊሆን ይችላል። ጉግል በግል አካውንቶች ላይ በ2022 ግንቦት መጨረሻ፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ በመሥሪያ ቤት አካውንቶች ላይ ከዚያው ዓመት ጥቅምት ጀምሮ (ሁለቱም በፈረንጆቹ ነው) በፓስወርድ ብቻ የሚገቡ አሮጌ አፖችን መግቢያ መዝጋት ጀምረዋል። የዚህ መጥፎነቱ ብዙ ጊዜ ማስጠንቀቂያ አለመስጠቱ ነው። የድሮው ቀጠሮ እዚያው ይታያል፣ አዲሱ ብቻ አይመጣም። ሰው የሚያውቀው ቀጠሮ ካመለጠው በኋላ ነው።

ወደ አንቺ ልመለስ። ዛሬ ማታ የመጀመሪያው ሥራሽ ማቆም ነው። ስልክሽ ላይ የጫንሽውን የሲንክ አፕ ክፈቺና ሲንኩን አጥፊው። አፑን ገና ከስልክሽ አታውጪው። ምን ወዴት እንደገለበጠ ሴቲንጉ ውስጥ ስለሚታይ በኋላ ያስፈልግሻል። ማጥፋቱን ጨርሰሽ እስክታረጋግጪ ድረስ አንድም ድግግሞሽ እንዳትደልቺ። እዚህ ላይ አደራ እልሻለሁ። ሁለቱ ወገኖች እንደተገናኙ ከሆነ መሰረዝም እንደ ቀጠሮው ይገለበጣል። ትርፉን አጠፋሁ ስትዪ ዋናውም አብሮ ይሄዳል።

ሌላም አለ። ስብሰባውን የጠራሽው አንቺ ከሆንሽ፣ ከካላንደርሽ ላይ ስትደልቺው ለተጋባዦቹ በሙሉ «ስብሰባው ተሰርዟል» የሚል መልእክት ሊሄድ ይችላል። የተጠራሽበት ስብሰባ ከሆነ ደግሞ ስልክሽ መደለቱን «አልገኝም» እንዳልሽ አድርጎ ለጠሪው ሊያሳውቅ ይችላል። ከሁለቱ የሰኞ ስብሰባዎች አንዱ ግልባጭ፣ አንዱ እውነተኛው ነው። የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳታውቂ እጅሽን አትስደጂ።

ቀጥሎ ቅጂ ያዢ። ጉግል ካላንደርን በኮምፒዩተር ላይ ክፈቺ፣ በስልክ አፑ ይህ አይሆንም። ሴቲንግ ውስጥ ኢምፖርትና ኤክስፖርት የሚል ቦታ አለ። ኤክስፖርት ስትዪው በአንድ ዚፕ ፋይል ያወርድልሻል። ውስጡ ለእያንዳንዱ ካላንደር አንድ የአይሲኤስ ፋይል ታገኛለሽ። የዛሬውን ቀን ስሙ ላይ ጻፊበትና አስቀምጪው። ለሥራው ካላንደር የአይቲ ክፍላችሁን ጠይቂ። የመሥሪያ ቤት መረጃ በራስሽ እጅ አውጥተሽ ቤት ባታስቀምጪ ይሻላል። ያስቀመጥሽውን ፋይል ደግሞ ነገሩ ትንሽ በተበላሸ ቁጥር መልሰሽ አታስገቢ። ውስጡ ዛሬ ያሉትን ድግግሞሾች ሁሉ ይዟል። ይህ ለክፉ ቀን ነው።

አሁን ቁጭ ብለሽ የጥርስ ሐኪሙን ቀጠሮ ስልክሽ ላይ ንኪው። ከርዕሱና ከሰዓቱ ዝቅ ብሎ ቀጠሮው የሚኖርበት ካላንደር ስም አለ፣ ቀለምም አለው። ሦስቱንም አንድ በአንድ ክፈቺና ስማቸውን ወረቀት ላይ ጻፊ። እንደምገምተው አንዱ የቤተሰብ የሚለው ውስጥ፣ አንዱ የሥራው ውስጥ፣ አንዱ ደግሞ አፑ ራሱ በከፈተው ሌላ ካላንደር ውስጥ ይሆናል። ይህችን ወረቀት ስትጨርሺ ነገሩ ግማሽ በግማሽ ይቀልልሻል። ከዚያ በኋላ «ድግግሞሽ» የሚለው ጭጋግ ይገፈፍና «ይህ ከዚህ አካውንት የመጣ ነው» ማለት ትችያለሽ።

በዚህ መሀል ስልክሽን ብቻ እንዳታምኚ። ስልክ መስታወት ነው፤ ቀጠሮው የሚኖረው ሰርቨሩ ላይ፣ ማለትም በጉግል ወይም በማይክሮሶፍት ኮምፒዩተር ላይ ነው። በተጠራጠርሽ ቁጥር በኮምፒዩተር ብራውዘር ገብተሽ ጉግል ካላንደርንና የመሥሪያ ቤትሽን አውትሉክ ለየብቻ እዪ። እዚያ ካለ አለ። እዚያ ከሌለ ስልክ ላይ ቢታይም አትመኚበት።

ጠፉ ያልሻቸው የድሮ ቀጠሮዎችም መልሳቸው እዚሁ ነው። አይፎን የካላንደር ሴቲንግ ውስጥ ሲንክ የሚል አለ። ምን ያህል ወደኋላ ያለ ቀጠሮ ስልኩ ላይ ይቀመጥ የሚለው እዚያ ይወሰናል፤ ብዙ ጊዜ አንድ ወር ላይ ነው የሚገኘው። ሁሉንም ወደሚለው ቀይሪው። በአዲሶቹ የአይፎን ስሪቶች የካላንደር ሴቲንግ የገባው አፕስ ከሚለው ሥር ስለሆነ በድሮው ቦታ ብታጪው አትደንግጪ። እዚያው እያለሽ ዲፎልት ካላንደር የሚለውንም እዪው። አዲስ ቀጠሮ በድምፅም ሆነ በጽሑፍ ስታስገቢ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ ነው። አካውንት ሲጠፋና እንደገና ሲገባ ይህ ምርጫ ሳታውቂው ሊቀየርብሽ ይችላል። የጥርስ ሐኪምሽ የሥራ ካላንደር ውስጥ የገባው በዚህ መንገድ ሊሆን ይችላል። የቤተሰቡን ካላንደር ምረጪለት።

እንግዲህ ዋናው ምክሬ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ቀጠሮ አንድ ቤት ብቻ ይኑረው። የሥራው በሥራው አካውንት፣ የቤቱ በቤቱ አካውንት ይመዝገብ። በመሀላቸው ገልባጭ አይግባ። ሁለቱንም አካውንቶች ስልክሽ ላይ ጎን ለጎን አስገቢያቸውና የስልኩ ካላንደር ሁለቱን በአንድ ገጽ ላይ በሁለት ቀለም ያሳይሽ። የአይፎኑ የራሱ ካላንደር ይህን ያለ ምንም ተጨማሪ አፕ ይሠራዋል። ብዙ ሰው ሲንክ እፈልጋለሁ ሲል የሚፈልገው ሁለቱን አንድ ላይ ማየት ነው። ማየትና መገልበጥ የተለያዩ ናቸው። በማየት ምንም ነገር አይባዛም። ስልክም ሆነ አውትሉክ በተቀየረ ቁጥር የሚጠበቅብሽ አካውንቱን መልሶ ማስገባት ብቻ ይሆናል፤ የሚጠፋ ዝርዝር የለም።

እያንዳንዱ አካውንት ስልክሽ ላይ አንዴ ብቻ መግባቱን አረጋግጪ። ከአፕዴት በኋላ ስልኩ ፓስወርድ ሲጠይቅ ብዙ ሰው ያንኑ አካውንት ሁለተኛ ጊዜ ይጨምረዋል። የሥራ አካውንት ከማስገባትሽ በፊት ደግሞ አይቲዎቹን አንድ ጥያቄ ጠይቂያቸው፦ ስልኬ ቢጠፋ ከርቀት የምታጠፉት የሥራውን አካውንት ብቻ ነው ወይስ ስልኩን በሙሉ? በአንዳንድ አሠራር ስልኩን በሙሉ ማጥፋት ይቻላል፣ የልጆችሽ ፎቶ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። መልሱን ሳትሰሚ አታስገቢ።

አሁን ወደ አለቃሽ እንምጣ። የቤቱን ካላንደር በሊንክ አውትሉክ ላይ ስትጨምሪ አንቺ ታዪዋለሽ። በዚያ የሚመጣ ቀጠሮ ግን የአንቺ ሰዓት ተይዟል ተብሎ አይቆጠርም። አለቃሽ ስብሰባ ሊጠራ የአንቺን ሰዓት ሲያይ የሚታየው በሥራ አካውንትሽ ዋና ካላንደር ላይ ያለው ብቻ ነው። ያ ሰዓት ለእሱ ባዶ ነበር። ወላጆች የተጠሩበት ስብሰባ ባንቺ ስክሪን ላይ ቁልጭ ብሎ እየታየ፣ በእሱ ስክሪን ላይ ነጭ ቦታ ነበር። ሁለታችሁም አላጠፋችሁም። ይህን ለእሱም ብታስረጂው ጥሩ ነው፤ ሳይነገረው ሊያውቀው የሚችል ነገር አይደለም።

ሊንኩ ሌላም ጉድለት አለበት። በየደቂቃው አይታደስም። ጉግል ላይም ሆነ አውትሉክ ላይ በሊንክ የተጨመረ ካላንደር ለውጡ እስኪታይ ሰዓታት ይፈጃል፣ አንዳንዴ አንድ ቀን ይሞላዋል። ጠዋት ባለቤትሽ ያስገባውን ቀጠሮ ከሰዓት በኋላ አውትሉክ ላይ እንዳትጠብቂው። ለሚቀጥለው ወር ጉዳይ ይበቃል፣ ለዛሬ ግን አይሆንም። ደግሞም ያ የጉግል ሚስጥራዊ ሊንክ በእጁ የገባ ሰው ሁሉ የቤታችሁን ውሎ ያለ ፓስወርድ ያነባል። የሆነ ቦታ አሳልፈሽ ሰጥተሽው ከሆነ ጉግል ሴቲንግ ውስጥ ሪሴት የሚለውን ስትነኪ አሮጌው መሥራቱን ያቆማል። የእኔ ምርጫ ሊንኩን ጨርሰሽ ብታወጪው ነው። ስልክሽ ሁለቱንም ካሳየሽ ጥቅሙ አይታየኝም።

በምትኩ ይህን አድርጊ። በሥራ ሰዓት ላይ የሚወድቅ የቤት ጉዳይ ሲኖር፣ የትምህርት ቤት ስብሰባም ይሁን ሐኪም ጋ መሄድ፣ ቀጠሮውን እንደተለመደው የቤተሰቡ ካላንደር ላይ መዝግቢ። ከዚያ እንግዳ የሚጨመርበት ቦታ ላይ የሥራ ኢሜይልሽን ጻፊ። ራስሽን ትጋብዣለሽ ማለት ነው። ግብዣው አውትሉክ ላይ ይደርስሻል፣ ትቀበይዋለሽ፣ በዚያች ደቂቃ ሰዓትሽ ለአለቃሽ እንደተያዘ ይታያል። እዚህ የሚሄደው ግብዣ መለያው ያው የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ሰዓቱን ቢቀይርና ባለቤትሽ ቤት ሆኖ ቢያስተካክለው ለውጡ ተከትሎ ይመጣል። ርዕሱን የሥራ ባልደረቦችሽ እንዲያነቡት ካልፈለግሽ አውትሉክ ላይ ፕራይቬት አድርጊው፤ የሚያዩት ሰዓቱ መያዙን ብቻ ይሆናል። ከሥራ ሰዓት ውጭ ያለውን ሁሉ እንደዚህ ማድረግ አያስፈልግሽም። የቅዳሜ ጉዳይሽ አለቃሽን አያገባውም።

ባለቤትሽስ? አምሽተሽ የምትሠሪበትን ቀን ማወቅ ይፈልጋል፣ ይገባዋልም። ሆኖም የሥራ ካላንደርሽን በሙሉ ወደ ቤት አታጋሪ። ርዕሶቹ ውስጥ የደንበኛ ስም አለ፣ የሠራተኛ ጉዳይ አለ። ብዙ መሥሪያ ቤቶችም ይከለክላሉ። በተገላቢጦሽ ያንኑ ዘዴ ተጠቀሚ፦ ቤቱን የሚነካውን ብቻ፣ ምሽት የሚዘልቅ ስብሰባ ወይም ጉዞ ከሆነ፣ «አመሻለሁ» ብለሽ የቤተሰቡ ካላንደር ላይ ጻፊው። አዎ፣ በእጅ የሚሠራ ነው። ግን በሳምንት ከሁለት ሦስት አይበልጥም፣ ደግሞም ምን እንደሚጋራ የምትወስኚው አንቺ ነሽ። አንድ ቀን መርጣችሁ ማታ ላይ መጪውን ሳምንት አብራችሁ ብታዩት ደስ ይለኛል። ማንም ያላስገባውን ቀጠሮ የሚያናብብ ሶፍትዌር የለም፣ እንዲህ ያለው የሚገኘው ሰው ለሰው ሲነጋገር ነው።

የጉግል አካውንትሽን አውጥተሽ መልሰሽ ስታስገቢ የራስሽ ካላንደር መጥቶ የተጋራው ላይመጣ ይችላል። ጉግል ለአይፎን ሲንክ ሰሌክት የሚባል ገጽ አለው። በብራውዘር ገብተሽ እዚያ ላይ ምልክት ያላደረግሽበት የተጋራ ካላንደር በአይፎኑ ካላንደር ላይ አይታይም። በባለቤትሽ አንድሮይድ በኩል ደግሞ ከአፕዴት በኋላ ባትሪ ቆጣቢው የካላንደሩን አፕ እንዳላገደው ይይ።

ወደ አንድ ሰዓቱ ስህተት። በእጅሽ አንድ በአንድ ለማረም አትቸኩዪ። መጀመሪያ የሰዓት ሰቁን፣ ታይም ዞን የሚሉትን፣ በላፕቶፑ፣ በስልኩ፣ በአውትሉክና በጉግል ካላንደር ሴቲንግ ላይ እዪ። አንዱ ከሌላው ከተለየ ያንን አስተካክዪ። ሴቲንጉን ሳታስተካክዪ ቀጠሮውን ካረምሽው፣ ሴቲንጉ የተስተካከለ ቀን ያረምሽው ሁሉ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይንሸራተታል። ከዚህ በፊት ትልልቅ ድርጅቶች ሳይቀሩ ተቸግረውበታል። አሜሪካ በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የበጋ ሰዓት አቆጣጠሯን፣ ሰዓትን በአንድ ሰዓት ወደፊት የምታስኬድበትን ማለት ነው፣ ከ2007 ጀምሮ በሦስት ሳምንት አስቀድማ ማስገባት ስትጀምር፣ በአሮጌው ደንብ የተመዘገቡ የእነዚያ ሳምንታት ቀጠሮዎች በአንድ ሰዓት ተዛነፉ። ማይክሮሶፍት የአውትሉክ ቀጠሮዎችን ብቻ የሚያስተካክል መሣሪያ ለይቶ ማውጣት ነበረበት። ሰቁ ትክክል ሆኖ ግልባጩ ብቻ ከተዛነፈ ደግሞ ጥፋቱ የገልባጩ አፕ ነው፤ ግልባጩ ሲጠፋ ስህተቱም አብሮት ይጠፋል። የአንቺ የሰኞ ስብሰባ ይህኛው ይመስለኛል።

ልደቶቹ ሁለት ቀን የያዙትም ከዚሁ ጋር ይዛመዳል። የሙሉ ቀን ቀጠሮ በቀኑ ብቻ መመዝገብ ሲገባው፣ «ከእኩለ ሌሊት እስከ እኩለ ሌሊት» ተብሎ በሰዓት ሲመዘገብ፣ ሰዓቱ ትንሽ በተንሸራተተ ቁጥር ወደ ጎረቤቱ ቀን ይፈስሳል። እነሱን አጥፍተሽ ሙሉ ቀን በሚለው ምርጫ እንደ አዲስ አስገቢያቸው። ብዙ አይደሉም።

ተደጋጋሚ ስብሰባዎች ግን ትዕግሥት ይጠይቃሉ። የሰኞው ስብሰባ በካላንደሩ ውስጥ የተቀመጠው «በየሰኞው» የሚል አንድ ደንብ ሆኖ ነው። ከሱ ሥር ልዩ ሁኔታዎች ይደረደራሉ፦ አንዱ ሳምንት ወደ ማክሰኞ ተዛውሯል፣ አንዱ ተሰርዟል፣ አንዱ ክፍል ቀይሯል። አናባቢ ፕሮግራሞች በብዛት የሚሰናከሉት እነዚህ ላይ ነው። የተሰረዘው ሰኞ ተነሥቶ ይመጣል፣ የተዛወረው በሁለቱም ቀን ይታያል። ስብሰባውን የጠራው ሌላ ሰው ከሆነ ግልባጩን አጥፊና የእሱን ግብዣ ብቻ አስቀሪ። ከተበላሸም እንደገና እንዲልክልሽ ጠይቂው። የጠራሽው አንቺ ከሆንሽና ልዩ ሁኔታው ከበዛ፣ የድሮውን ተከታታይ ከዚህ ሳምንት ላይ እንዲያበቃ አድርገሽ አዲስ ጀምሪ። ጨርሰሽ አትደልቺው፤ ያለፉት ስብሰባዎች ማስታወሻ አብሮ ይሄዳል።

አሁን ጽዳቱ። አፑ ግልባጮቹን የራሱ ካላንደር ከፍቶ ውስጡ ከጻፈ ዕድለኛ ነሽ። ያንን አንድ ካላንደር ማጥፋት ይበቃል። ከዋናው ጋር ከቀላቀላቸው ግን በርዕስ እየፈለግሽ በእጅ ማጥፋት ነው። የወደፊቶቹን ብቻ አጥፊ። ያለፈው ቀጠሮ ሦስት ጊዜ ቢጻፍ ማንንም አይቀሰቅስም፣ ለሱ ምሽትሽን አትሠዊ። እንግዳ ያለበትን ስትደልቺ መልእክት ይላክ ወይ ብሎ ከጠየቀሽ አይላክ በይ። ጉግል የተደለተውን ለ30 ቀን ትራሽ ውስጥ ያቆይልሻል፣ ብትሳሳቺ ከዚያ ይመለሳል። አውትሉክ ላይም የተሰረዙ የሚገቡበት ቦታ አለ። ይህን ሁሉ ስትጨርሺ ያን የሲንክ አፕ ከስልክሽ አውጪው። ከጉግል አካውንትሽ ሴኪዩሪቲ ውስጥም የሰጠሽውን ፈቃድ ሰርዢበት። አፑ ከስልክ ስለወጣ ብቻ ፈቃዱ አይነሣም። የሥራውን አካውንትም አስነክተሽው ከሆነ ለአይቲ ክፍሉ ንገሪ።

ወረቀቱን በተመለከተ፣ ከወደድሽው ያዢው። የሳምንቱን ውሎ ግድግዳ ላይ የለጠፈ ቤት ልጆቹም ያውቁታል፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ወረቀት ለአለቃሽ «ይህ ሰዓት ተይዟል» አይልልሽም። ስለዚህ መመዝገቢያሽ ካላንደሩ ይሁን፣ ወረቀቱ የሱ ቅጂ።

ለሚቀጥለው አፕዴት ደግሞ ከአሁኑ ተዘጋጂ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። መሥሪያ ቤቱ መቼ እንደሚቀይር አይቲዎቹን ጠይቂና ስልክሽን በዚያው ሳምንት አፕዴት አታድርጊ። ሁለቱ አብረው ሲቀየሩ የትኛው እንዳበላሸ ለማወቅ ይከብዳል። ከአንድ ቀን በፊት የጉግሉን ኤክስፖርት አውርጂ፤ የመጪዎቹን ሁለት ሳምንታት ስክሪንሾትም አንሺ፣ የጎደለውን በዓይን ለማነጻጸር እሱን የሚያህል የለም። ከተቀየረ በኋላ አውትሉክ ላይ «ሙከራ ሥራ»፣ ጉግል ላይ «ሙከራ ቤት» ብለሽ አንዳንድ ቀጠሮ አስገቢ። ስልክሽ ላይ መጡ? አንድ አንድ ብቻ ናቸው? ሰዓታቸው ልክ ነው? ከዚያ «ሙከራ ቤት»ን ከስልክሽ ላይ ወደ ነገ አዛውሪውና ባለቤትሽ ስልክ ላይ መዛወሩን ጠይቂ። የሥራ ኢሜይልሽንም ጋብዢበትና አውትሉክ ላይ መድረሱን እዪ። ከአንዱ ወደ አንዱ ያልደረሰ ካለ፣ እውነተኛ ቀጠሮ ሳይነካ ያወቅሽው በዚህ ነው። ሁሉም ከደረሰ ሁለቱን ሙከራዎች ደልቺና ሥራሽን ቀጥዪ።